«ጆቡ አልሠራም» ሲባል፣ የቆመው የት ላይ ነው?

ጆብ የምለው በተወሰነ ሰዓት በራሱ እንዲነሳ የታቀደን የኮምፒውተር ሥራ ነው። «የሌሊቱ ጆብ አልሠራም» የሚል መልእክት ጠዋት ሲመጣ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው እንደገና አስነሳ ወደሚለው ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ሙከራ ከሠራ ነገሩ ይረሳል፤ ካልሠራ ኮድ ማገላበጥ ይጀመራል። ለሁለቱም አትቸኩሉ። ጆቡን እንደገና ስታስነሱት የነበረበት ሁኔታ ይጠፋል፣ የጀመረበት ሰዓት በአዲስ ይተካል፤ ሥራው በኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም) ፖድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ክፍል ላይ የሚሄድ ከሆነ የሞተው ፖድም ከነምክንያቱ ሊጠረግ ይችላል። ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ሁኔታውን፣ የታቀደበትን ሰዓት፣ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፣ ስንተኛ ሙከራ እንደሆነና የሎጉን (ፕሮግራሙ እየሮጠ የሚጽፈውን መዝገብ) የመጨረሻ 50 መስመር ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን የምለው «አልሠራም» የሚለው አንድ ቃል አራት የማይገናኙ ችግሮችን ስለሚሸፍን ነው። ጆቡ ጨርሶ ያልተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ወይም ተፈጥሮ ተራ ሲጠብቅ ነግቶበታል። ወይም ጀምሮ መሀል ላይ ሞቷል፣ አለዚያም ሀንግ አድርጓል፣ ማለትም ሳይሞት ባለበት ቆሟል። አራተኛው የከፋው ነው፦ እስከ መጨረሻው ሄዶ አረንጓዴ (ተሳክቷል የሚል ምልክት) ሆኗል፣ ዳታው ግን የለም። ለያንዳንዳቸው የሚታየው ቦታ ለየቅል ነው፤ ያልተፈጠረን ጆብ ሎግ ፍለጋ ሰዓታት የሚያልፉት ይህን ሳይለዩ ሲጀመር ነው።

ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ጆቦችን በሰሌዳ ከሚያስነሳው ከአፓቼ ኤርፍሎው፣ ከፊሉም በሊኑክስ ላይ ትእዛዝን በሰዓቱ ከሚያስነሳው ከክሮን ናቸው። በኤርፍሎው ዳግ በፓይዘን ፋይል የተጻፈ የሥራ ዕቅድ፣ ታስክ በዳጉ ውስጥ ያለ አንድ እርምጃ፣ ራን የዳጉ አንድ ዙር፣ ስኬጁለር ሰዓቱን ጠብቆ ራኑን የሚፈጥረው፣ ወርከር ደግሞ ታስኩን የሚያስኬደው ፕሮሰስ ነው። ነባሪ ስል ማንም ሳይቀይረው የሚሠራበትን መቼት ማለቴ ነው። ሰዓቶቹ ኮምፒውተሩ እንደሚጽፋቸው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆኑ 02:00 ስል እኩለ ሌሊት ካለፈ ሁለት ሰዓት በኋላ ማለቴ ነው።

ጨርሶ ያልተፈጠረ ጆብ

በኤርፍሎው ገጽ ላይ ለዚያ ቀን አንድም ራን ካልታየ፣ ታስኩ ውስጥ ያለው ኮድ ገና አልተነካምና እሱን ተዉት። መጀመሪያ ዳጉ መብራቱን እዩ። አዲስ ዳግ ሲገባ በነባሪው ቆሞ ነው የሚጀምረው፤ ማብሪያውን ሰው ካልነካው ለዘላለም እንደቆመ ይቀራል። ቀጥሎ ስኬጁለሩ። ገጹ መከፈቱ ስኬጁለሩ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱ የተለያዩ ፕሮሰሶች ናቸው። ስኬጁለሩ በነባሪው ለ30 ሴኮንድ ምልክት ካልሰጠ ጤናማ እንዳልሆነ ይቆጠራል፣ ገጹም ይህን በማስጠንቀቂያ ያሳያል። ማስጠንቀቂያው ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ስኬጁለሩ አልሞተም፤ ወይ ሲፒዩ አንሶታል ወይ የራሱ ዳታቤዝ ዘግይቶበታል።

ሦስተኛው የዳጉ ፋይል መነበብ አለመነበቡ ነው። አዲስ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ባስገባችሁበት ቅጽበት አይታይም፤ በኤርፍሎው 2 ነባሪ ፎልደሩ የሚታሰሰው በየ300 ሴኮንዱ ነው፣ ስለዚህ አምስት ደቂቃ ታገሡ። የታወቁ ፋይሎች ደግሞ በየ30 ሴኮንዱ ገደማ እንደገና ይነበባሉ፤ አንዱን ፋይል አንብቦ ለመጨረስ የተሰጠው ጊዜም 30 ሴኮንድ ነው። ብዙ መዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከታስክ ውጭ፣ በፋይሉ የላይኛው ደረጃ ላይ፣ ዳታቤዝ የሚጠይቅ ወይም ኤፒአይ የሚጠራ መስመር ካለ ያ ጥያቄ የሚሄደው ጆቡ ሲሠራ ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ በተነበበ ቁጥር፣ ቀንና ሌሊት ይሄዳል። ቀን ላይ በሁለት ሴኮንድ የሚመለሰው ዳታቤዝ ሌሊት ባክአፕ ሲወሰድበት 40 ሴኮንድ ከፈጀ ንባቡ ይቋረጣል፣ ዳጉ ከዝርዝሩ ሊጠፋ ይችላል፣ ጠዋት ሲታይ ደግሞ በቦታው አለ። «ሌሊት ብቻ የሚጠፋ ዳግ» ሲያጋጥም የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ይህ ነው። መፍትሔውም ጥያቄውን ወደ ታስኩ ውስጥ ማስገባት ነው፤ የጊዜ ገደቡን ወደ 120 ሴኮንድ ማሳደግ ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያነሳውም።

አንድ ዝምተኛ ጉዳይም አለ። ኤርፍሎው በነባሪው «ዳግ» እና «ኤርፍሎው» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ እንኳ በጽሑፉ ውስጥ የጎደለበትን የፓይዘን ፋይል ሳያነብ ያልፋል። ዳጎቻችሁን በራሳችሁ ላይብረሪ የምትፈጥሩ ከሆነና ፋይሉ ውስጥ ከቃላቱ አንዱ ከጎደለ፣ ስህተትም ማስጠንቀቂያም ሳይወጣ ዳጉ አይታይም። ቃላቱን የያዘ አንድ የኮመንት መስመር ይበቃል።

ቀኑ ሳያልቅ የቀኑ ጆብ አይነሳም

«የዛሬው አልተነሳም» ከሚሉት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ብልሽት አይደሉም፤ የቀን ስያሜ ጉዳይ ናቸው። በኤርፍሎው 2 በየቀኑ የሚሠራ ዳግ ስታርት ዴቱ (ሰሌዳው የሚጀምርበት ቀን) ጃንዋሪ 1 ቢሆን የመጀመሪያው ራን የሚነሳው ጃንዋሪ 2 እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ነው፣ የሚሸከመው ስም ግን ጃንዋሪ 1 ነው። ራኑ የሚወክለው የአንድ ቀን ዳታ ስለሆነ ቀኑ እስኪሞላ ይጠበቃል። በየሳምንቱ የሚሠራ ከሆነ መጠበቁ 7 ቀን ነው፤ በየወሩ ከሆነ ወር ሙሉ። ይህን ያልተረዳ ሰው ሰኞ የጫነውን ሳምንታዊ ጆብ ማክሰኞ «ተበላሽቷል» ብሎ ማፍረስ ይጀምራል።

ከዚሁ የሚወለድ ጥንታዊ ስህተት ስታርት ዴትን «አሁን» በሚል ተግባር መሙላት ነው። ፋይሉ በተነበበ ቁጥር «አሁን» ወደፊት ይሸሻል፤ የሚጠበቀው ጊዜ ከቶ አይሞላምና ጆቡ አይነሳም። ስታርት ዴት የተቆረጠ፣ የማይንቀሳቀስ ቀን መሆን አለበት። ቀኑን ወደ ኋላ ስትወስዱት ደግሞ ካችአፕ የሚባለውን፣ ያለፉትን ቀናት ራኖች ሁሉ የሚፈጥረውን መቼት አስቡ። በኤርፍሎው 2 ነባሪው ክፍት ነው፦ ስታርት ዴቱ የዛሬ ዓመት የሆነን ዕለታዊ ዳግ ስታበሩ 365 ያህል ራኖች ይፈጠራሉ፣ በነባሪው 16ቱ ባንድ ጊዜ ይሮጣሉ፣ ምንጩ ዳታቤዝም ይታነቃል። በ2025 የወጣው ኤርፍሎው 3 ይህን ነባሪ ዘግቶታል።

ኤርፍሎው 3 የቀየረው ሌላ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ስህተት አያወጣም። በክሮን አጻጻፍ፣ ለምሳሌ በ 0 2 * * * (በየቀኑ 02:00) የታቀደ ዳግ በነባሪው ከእንግዲህ የዳታ ጊዜ ክልል (ራኑ የሚወክለው ከዚህ እስከዚህ የሚል ጊዜ) የለውም፤ ስያሜው የሚነሳበት ሰዓት ራሱ ነው፣ የክልሉ መጀመሪያና መጨረሻም አንድ ዓይነት ሰዓት ይሆናሉ። እንግዲህ ከስሪት 2 የመጣ «ከክልሉ መጀመሪያ እስከ ክልሉ መጨረሻ ያለውን አምጣ» የሚል የኤስኪውኤል ጥያቄ ከ02:00 እስከ 02:00 ያለውን ይጠይቃል። መልሱ 0 ረድፍ ነው፣ ታስኩም አረንጓዴ ነው። ስያሜውን እንደ ቀን የሚጠቀመው ጥያቄ ደግሞ ትናንትን ትቶ ገና ሁለት ሰዓት ብቻ የሞላውን ዛሬን ያነባል። ስሪት ከመቀየራችሁ በፊት የክሮን የዳታ ክልልን የሚመልሰውን የኮንፊግ መስመር ክፈቱ፣ ወይም በዳጉ ላይ ክልል ያለውን ታይምቴብል (የሰሌዳ ዓይነት) በስሙ ጻፉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው ምን እንደተፈለገ እዚያው ያየዋል።

የሰዓት ሰቅንም እዚህ ላይ ጨርሱት። የኤርፍሎው ነባሪ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ 02:00 ብላችሁ የጻፋችሁት የአካባቢያችሁ 02:00 ላይሆን ይችላል። ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ በሚገፋባቸው ሰቆች የባሰ ነገር አለ፦ በኒውዮርክ ሰቅ በማርች ሁለተኛ እሑድ ከ02:00 እስከ 03:00 ያለው ሰዓት የለም፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ከ01:00 እስከ 02:00 ያለው ሁለት ጊዜ ይመጣል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የገንዘብ ወይም የክፍያ ጆብ አታስቀምጡ፤ የግድ ከሆነ በዩቲሲ ይታቀድ።

ክሮን ላይ ሲሆን

በእጅ ሲነሳ የሚሠራ፣ በክሮን ሲነሳ ግን የማይሠራ ስክሪፕት ብዙውን ጊዜ አካባቢው ተለውጦበት ነው። ክሮን የባሽ (በተርሚናል ትእዛዝ የምትጽፉበት ሼል) መነሻ ፋይላችሁን አያነብም፤ ትእዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች በተለምዶ ሁለቱ ዋና የሲስተም ፎልደሮች ብቻ ናቸው፣ ሼሉም ባሽ ሳይሆን ተራው ሼል ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ያ ሼል ዳሽ ስለሆነ በባሽ ብቻ የሚታወቁ አጻጻፎች እዚያ ስህተት ናቸው። ለማረጋገጥ በየደቂቃው የአካባቢ ተለዋዋጮችን ወደ ፋይል የሚጽፍ ጊዜያዊ መስመር አስገቡ፣ ከዚያ በተርሚናላችሁ ከምታዩት ጋር አወዳድሩ። ልዩነቱ ወዲያው ይወጣል። በስክሪፕት ውስጥ የፓይዘኑን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ግማሹን ችግር ያስወግዳል።

በክሮን መስመር ውስጥ የ % ምልክት እንደ አዲስ መስመር ይቆጠራል። ፋይልን በቀን ለመሰየም ቀን የሚያወጣ ትእዛዝ እዚያ ከጻፋችሁ ከምልክቱ በኋላ ያለው ሁሉ ይቆረጣል፤ ወይ ከፊቱ የኋላ ስላሽ አድርጉ ወይ ትእዛዙን ወደ ስክሪፕት ውሰዱት። የፋይሉ የመጨረሻ መስመር በአዲስ መስመር ካላለቀ መስመሩ ሊታለፍ ይችላል። 0 6 13 * 5 የሚለው ደግሞ «13ኛው ቀን ዓርብ ሲውል» ማለት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን በየወሩ 13ኛ ቀን እና በየዓርቡ ነው። */7 የሚለውም በየ7 ደቂቃው አይደለም፤ 56ኛዋ ደቂቃ ላይ ደርሶ ከ4 ደቂቃ በኋላ 00 ላይ እንደገና ይነሳል። የሰርቨሩን የሰዓት ሰቅ ከቀየራችሁ የክሮኑን አገልግሎት ዝጋችሁ ክፈቱት፤ አለዚያ በድሮው ሰዓት ሊቀጥል ይችላል።

ተፈጥሮ ተራ የሚጠብቅ

ራኑ አለ፣ ታስኩ ግን አይንቀሳቀስም። እዚህ ላይ የታስኩን ቀለም ሳይሆን የሁኔታውን ስም አንብቡ፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ስሞች ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይመራሉ። «ስኬጁልድ» ከሆነ ታስኩ ቅድመ ሁኔታው ሞልቶ ቦታ አጥቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ገደቦቹን ቁጠሩ፦ ለአንድ ስኬጁለር በነባሪው 32፣ ለአንድ ዳግ 16፣ በነባሪው ፑል (ታስኮች የሚጋሩት የቦታ ቋት) ውስጥ 128 ቦታ። ከመካከላቸው የትኛው እንደሞላ የፑሎቹ ገጽና የሚሮጡ ታስኮች ዝርዝር ይነግራችኋል። «ኪውድ» ከሆነ ግን ስኬጁለሩ ድርሻውን ጨርሷል፣ የሚያነሳው ወርከር ነው የጠፋው። ወርከሩ ሞቷል፣ ወረፋ የሚይዘው ሬዲስ ወይም ራቢትኤምኪው ተቋርጧል፣ አለዚያም ታስኩ የተላከበትን ወረፋ ስም የሚያዳምጥ ወርከር የለም። የመጨረሻው በአንድ ፊደል ስህተት ይመጣል። በወረፋ ላይ በነባሪው ከ600 ሴኮንድ በላይ የቆየ ታስክ ሊወድቅ ይችላል፤ ሎጉም ባዶ ይሆናል። ባዶ ሎግ ያለው ውድቀት ካያችሁ ኮዳችሁን ነፃ አውጡት፤ አንድም መስመሩ አልሮጠም።

ቦታ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በሴንሰሮች ነው። ሴንሰር ፋይል ወይም ሌላ ጆብ እስኪደርስ የሚጠብቅ ታስክ ነው፣ በነባሪው አኳኋኑ ደግሞ በየ60 ሴኮንዱ እያየ የወርከሩን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፣ እስከ 7 ቀን። 16 ቦታ ባለው ወርከር ላይ 16 ሴንሰሮች ከተቀመጡ፣ የሚጠብቁትን ፋይል የሚያመርተው ታስክ ራሱ ቦታ አጥቶ ከኋላ ይቆማል። ሁሉም ይጠብቃል፣ ማንም አይሠራም፣ ስህተትም አይወጣም። ሴንሰሩን ሪስኬጁል በሚባለው አኳኋን አድርጉት፤ በየሙከራው መሀል ቦታውን ይለቃል። የጊዜ ገደቡንም ከ7 ቀን ወደሚመጥነው፣ ለዕለታዊ ጆብ ለምሳሌ ወደ 4 ሰዓት፣ አውርዱት።

የሌላ ዳግ ታስክን የሚጠብቀው ሴንሰር የራሱ ወጥመድ አለው። የሚያነጻጽረው ስያሜውን በትክክል ነው፦ የእናንተ ዳግ የ03:00፣ የሚጠበቀው የ02:00 ከሆነ የአንድ ሰዓት ልዩነቱን ካልነገራችሁት በቀር አይገናኙም። የሚጠበቀውን ዳግ በእጅ ስታስነሱት ስያሜው የተጫናችሁበት ቅጽበት ከነሴኮንዱ ስለሚሆን ያም አይገጥምም። «አስነስቼው ጨርሷል፣ ይሄኛው ግን አሁንም ይጠብቃል» የሚባለው ለዚህ ነው። አዲስ ራን አትፍጠሩ፤ የወደቀውን የጊዜ ሰሌዳውን ራን አጽድታችሁ (ክሊር አድርጋችሁ) እሱኑ መልሱ።

ጀምሮ የሞተ፣ ጀምሮ የቆመ

የመውጫ ቁጥሩ ግማሽ መልስ ነው። 127 ትእዛዙ አልተገኘም፣ 126 ተገኝቷል ግን ለማስኬድ ፈቃድ የለም። ከ128 በላይ ከሆነ 128 ቀንሱለት፣ የቀረው የገደለው ሲግናል (ለፕሮሰሱ የተላከው የማቆሚያ ምልክት) ቁጥር ነው፦ 143 ማለት 15፣ እንዲያቆም በትሕትና ተጠይቋል፤ 137 ማለት 9፣ ተገድሏል። 137 ሲታይ፣ ወይም ኤርፍሎው ሎግ ላይ ሲግኪል (ይኸው 9 ቁጥር ሲግናል) ሲል፣ መጀመሪያ ሜሞሪ ጠርጥሩ። የሎጉ መጨረሻ ያለ ምንም የፓይዘን ስህተት ድንገት መቆረጡም ሌላው ምልክት ነው፣ የተገደለ ፕሮሰስ የስንብት ቃል አይጽፍምና። ማረጋገጫው የጆቡ ሎግ ውስጥ ሳይሆን የማሽኑ ከርነል ሎግ ውስጥ ነው። መድኃኒቱም ሜሞሪ ከመጨመሩ በፊት ዳታውን መቆራረጥ ነው፤ ሙሉውን ሠንጠረዥ ባንዴ ወደ ፓንዳስ (የፓይዘን የዳታ ላይብረሪ) ከመጫን 50,000 ረድፍ እየቆረጡ ማንበብ። ወርከሩ ከነማሽኑ ሲወድቅ ደግሞ ታስኩ ለጥቂት ጊዜ እየሮጠ እንዳለ ሆኖ ይታያል፤ በኤርፍሎው 2 ነባሪ ምልክቱ ከጠፋ 300 ሴኮንድ በኋላ ነው ዞምቢ ተብሎ የሚወድቀው።

ሀንግ ያደረገ ታስክ ሲሆን ሌላ ነው። የታስክ የሩጫ ጊዜ ገደብ በነባሪው የለም፤ መልስ የማይሰጥ ኮኔክሽን ላይ የቆመ ታስክ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ በጊዜው የሚሮጡ ጥያቄዎችን ዝርዝር አውጡና የእናንተው ሎክ (ሌላ ጥያቄ የያዘው መቆለፊያ) እስኪለቀቅ እየጠበቀ መሆኑን እዩ። አጋጁ ብዙ ጊዜ ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ የሰው ሴሽን ነው። ለያንዳንዱ ታስክ ከተለመደው ርዝመቱ ሦስት እጥፍ የሆነ ገደብ ስጡት፤ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ 60።

ድጋሚ ሙከራም ልክ አለው። ለኔትወርክ መቆራረጥ 3 ሙከራ በ5 ደቂቃ ልዩነት ተገቢ ነው። የዓምድ ስም ስለተቀየረ የወደቀ ጥያቄ ግን 3 ጊዜ ቢሞከርም ያው ነው፣ ማስጠንቀቂያውን ብቻ በ15 ደቂቃ ያዘገየዋል።

አረንጓዴ ሆኖ ባዶ

ባሽ ላይ ትእዛዞች በቧንቧ (በ | ምልክት) ሲያያዙ የሚቆጠረው የመጨረሻው ትእዛዝ ውጤት ነው። ዳታ የሚያወርደው ወድቆ የሚጨምቀው ጂዚፕ ከተሳካ ስክሪፕቱ «ተሳክቷል» ይላል፣ ባዶ ፋይል ጨምቆ። በስክሪፕቱ አናት ላይ የፓይፕፌይል አማራጭን ማብራት ይህን ይዘጋዋል።

ሁለተኛው መንገድ ምንጩ ሲዘገይ ነው። ጆቡ 02:00 ላይ ተነስቶ ያልደረሰ ዳታ አንብቦ በሰላም ይጨርሳል። ሰሌዳውን ወደ 02:30 መግፋት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን እንደ ጥገና አልቆጥረውም፤ ምንጩ 02:31 ላይ የሚደርስበት ሌሊት ይመጣል። ጆቡ ሰዓትን ሳይሆን መድረሱን ይጠብቅ፦ ምንጩ ጽፎ ሲጨርስ የሚያስቀምጠው የማብቂያ ምልክት ፋይል፣ ወይም የመጨረሻው ረድፍ ሰዓት። ከጻፈ በኋላም ረድፎቹን የሚቆጥር አንድ ታስክ አክሉ። 0 ከሆነ ይውደቅ፤ ካለፉት 4 ሳምንታት የዚያው የሳምንት ቀን አማካይ ከግማሽ በታች ከሆነም ይውደቅ። ከትናንት ጋር ማወዳደር እሑድና ሰኞን እያጋጨ የውሸት ማንቂያ ያበዛል።

እንደገና ማስነሳት አደጋ የሚሆነው ጆቡ ሁለት ጊዜ ሲሮጥ ሁለት እጥፍ ረድፍ የሚተው ከሆነ ነው። በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ የዚያን ቀን ረድፎች ሰርዞ እንደገና የሚያስገባ ጆብ አሥር ጊዜ ቢነሳ ውጤቱ አንድ ነው። ቀኑንም ከራኑ ስያሜ ይውሰድ እንጂ «ዛሬ» ብሎ ሰዓት አይጠይቅ፤ አለዚያ ረቡዕ የምትመልሱት የሰኞ ራን የረቡዕን ዳታ የሰኞ ቦታ ላይ ይጽፈዋል። የሚደራረብ ጆብ ከሆነ በክሮን ላይ የፋይል መቆለፊያ፣ በኤርፍሎው ላይ ባንድ ጊዜ አንድ ራን ብቻ የሚል ገደብ አድርጉ። የኩበርኔቲስ ክሮንጆብ ነባሪው መደራረብን የሚፈቅድ ነው፤ የሚይዘውም 3 የተሳኩና 1 የወደቀ ጆብ ብቻ ስለሆነ ሎጉን ሌላ ቦታ አከማቹ።

የውድቀት ኢሜይል የሚላከው ለወደቀ ጆብ ነው። ላልተፈጠረና ተራ ለሚጠብቅ ጆብ ማንም ኢሜይል አይልክም። ስለዚህ የጆቡ የመጨረሻ ታስክ «ጨርሻለሁ» የሚል ምልክት ወደ ሌላ ማሽን ይላክ፣ ያ ማሽን ምልክቱን በሰዓቱ ካላገኘ ይጩህ። ሰዓቱን በወሩ ውስጥ ከዘገየበት ሌሊት ላይ 30 ደቂቃ ጨምራችሁ ወስኑ፦ በተለምዶ 02:40 የሚጨርስና አንድ ሌሊት 03:10 የደረሰ ከሆነ 03:40። ከዚያ አንድ ሌሊት ዳጉን ሆን ብላችሁ አጥፉትና ጩኸቱ ስልካችሁ ላይ መድረሱን እዩ።